በቀኝ ጥግ ያለው አቧራ

ኅዳር 3 ቀን 2015፣ ቡሪ፣ ካርቱም

ዶክተር ጂብሪል ካረፉ ዛሬ አስራ ሦስት ቀን ሆነ። አላህ ይዘንላቸው። ቤት የሚመጣው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ እሷ ብቻ ናት የማትቀንስ። እሷ ማለቴ ሐጃ ዛሂራ፣ ሚስታቸው። ጠዋት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ያንን ክፍል ዛሬ አጽጂና ቆልፊው። ኸላስ! ከእንግዲህ እዚያ የምትቀመጪበት ምክንያት የለም» አለችኝ።

ያ ክፍል የምትለው የሳቸውን የሥራ ክፍል ነው።

እኔ፣ ሙኒያ፣ ከኮምቦልቻ የመጣሁ የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ አልክድም። ስምንት ዓመት ልብሳቸውን አጥቤአለሁ፣ ምግባቸውን ሠርቻለሁ። ነገር ግን ላለፉት አራት ዓመታት፣ የዓይናቸው ግፊት እየባሰ ሲሄድ፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት የማሳልፈው እዚያ ክፍል ኮምፒውተሩ ፊት ነበር። እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ እሠራለሁ። «አሁን ምን ታያለሽ?» ይሉኛል። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ከሚስታቸው ይልቅ እኔን ነበር የሚያምኑት። ይሄ ነው የሚያንገበግባት።

ክፍሉን አላጸዳሁም። ቁልፉ ጠፋ አልኳት።

ኅዳር 5

ተውፊቅ መጣ፣ የወንድማቸው ልጅ። ዶክተር በሕይወት እያሉ በዓመት አንዴ ለዒድ ነበር ብቅ የሚለው። አሁን በየቀኑ ነው። የአርባው ቀን መታሰቢያ ላይ፣ ኅዳር 30፣ የዶክተርን የመጨረሻ ሥራ፣ የሰማይ ፎቷቸውን፣ በትልቁ አሳትሞ ሊያቀርብ ነው። ውጭ አገር ላለ ውድድርም ሊልከው ነው። «በኔና በሳቸው ስም» አለ። በኔ ያለው ራሱን ነው።

ስልኩን አውጥቶ ምስሉን አሳየን። «አየሽ ሐጃ፣ ይቺን በቀኝ በኩል የተዘረጋችውን ክንድ? ይሄንን አቧራ ማንም አላወጣውም።»

ሐጃ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

እኔ ሳህን ልሰበስብ ሄድኩ። ባላየው ይሻለኝ ነበር። አንዱ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ቅባት ስለነበረው ነው።

ኅዳር 9፣ ዓርብ፣ ጀብራ

የዕረፍት ቀኔ። ብርቅነሽ ጋ ነኝ። የጎንደር ልጅ ናት፤ ሀያ ዓመት እዚህ ኖራለች፣ ጀብራ ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ፀጉሬን እየጎነጎነች፣ «እንዲያው ያ ሥራ ምንድን ነበር? ኮከብ ቆጠራ ነው?» አለችኝ።

«ፎቶ ነው። ዶክተር ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየክረምቱ ጨረቃ ስትጠፋ ከኦምዱርማን ወዲያ በረሃ እየወጡ ደቡባዊ አክሊል የሚባሉትን ኮከቦች አንስተዋል። አራት መቶ አስራ ሁለት ፎቶ። አንዱን ብቻ ብታይው ኮከብና ጨለማ ነው። ግን በኮከቦቹ መሃል አቧራ አለ፤ ከኮከቦቹ የሚደርሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ አይታይም። ሁሉንም ፎቶ እርስ በርሱ ስትደራርቢው ካሜራው የፈጠረው ጉድፍ ይጠፋል፣ እውነተኛው ይቀራል። ከዚያ ጨለማውን ቀስ እያልሽ ታደምቂዋለሽ።»

«ለአቧራ ብለው በረሃ ሄዱ? እዚህ ካርቱም አቧራ ጠፍቶ?» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ቀጥላ፣ «ታዲያ አወጣችሁት?» አለች።

«አዎ» አልኩ። ፀጉሬን ስለጎተተችኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ኅዳር 12

ሐጃ የዘመድ ቀብር ልትደርስ ኦምዱርማን ሄዳለች። ድልድዩ ላይ መኪና ስለሚያስቆሙ እስከ አስር ሰዓት አትመለስም። ክፍሉን ከፈትኩ። ከመጀመሪያው፣ ከጥሬ ፎቶዎቹ እንደገና ልጀምር ነው። ንጹሕ ቅጂ ይኑር ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም።

አንድ በአንድ አየሁ። ነፋስ ቴሌስኮፑን ያንቀጠቀጠበትን፣ ስስ ደመና ያለፈበትን፣ የመኪና መብራት የገባበትን ጣልኩ። ስድሳ ሦስት ወደቀ። መደራረቡን ሳስጀምረው ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል አለኝ።

ኅዳር 13

ሰባተኛው ሰዓት ላይ ከህረባ፣ መብራቱ፣ ጠፋ። ባትሪው አልያዘም። ከዜሮ።

ሐጃ፦ «ያ ማሽን ለምን ይጮሃል?» እኔ፦ «ቁልፉ ተገኘ፤ ኡስታዝ ተውፊቅ አጽጂልኝ ብለውኝ ነው።» ዋሸሁ። አፌ ለምዷል።

ኅዳር 15

ተጠናቀቀ። የጀርባውን ብርሃን አስተካከልኩ፣ ኮከቦቹን ለብቻ ነጠልኩ፣ ቀስ እያልኩ አደመቅሁ። መሃል ላይ ዋናው ደመና ወጣ፤ እሱ ሁልጊዜም ይወጣል።

ቀኝ ጥግ ጥቁር ነው።

ሌላ ጊዜ እሞክራለሁ። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።

ምሳ ሳቀርብ ሐጃ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። «አስራ አንድ ቀን አላናገረኝም ሀቢብቲ፣ አስራ አንድ ቀን! ያየሁትን ብናገር ምን አጠፋሁ?» ስትል ሰማኋት። ስታየኝ ስልኩን ዘጋች።

ያንን ጊዜ አውቀዋለሁ። ሰኔ ነበር። ዶክተር ጠርተዋት፣ «ነይ እይልኝ፣ ቀኝ በኩል ምን አለ?» አሏት። «ጥቁር ነው» አለች። «ሙኒያ አየሁ ትላለች» አሉ። «ሙኒያ አንተ የምትወደውን ነው የምታየው» አለች። እኔ ፊት! ቅናት ነበር። ዛሬም ቅናት ነው።

ኅዳር 16፣ ዓርብ፣ ጀብራ

ቡሪ ላይ ሰልፍ አለ፣ ጎማ ተቃጥሏል፣ ባጃጅ፣ እነሱ ረክሻ የሚሉት፣ አይገባም። ብርቅነሽ ደንበኞቿ ጋ ሄዳለች። ክፍሏ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ደብተሩን ማንም አያነበውም፤ አማርኛ የሚያነብ ሰው እዚያ ቤት የለም። እና ለምንድን ነው እዚህም የምዋሸው?

ቀኝ ጥግ ምንም አልነበረም። በሰኔ አልነበረም፣ አሁንም የለም።

እንዲህ ነው የሆነው። ኩላሊታቸውም ደክሞ ነበር፤ ሐኪሙ ለቤተሰቡ የነገረውን እኔም ሰምቻለሁ። ያንን ምስል ይጠብቁ ነበር። በየቀኑ፣ «ክንዱ ወጣ? በቀኝ በኩል መዘርጋት አለበት፣ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ» ይላሉ። አንድ ቀን፣ «የወጣ ይመስለኛል ዶክተር» አልኩ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። በማግስቱ፣ «ግልጽ ሆነ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ ነው ሐጃን የጠሯት።

እሷ ጥቁር ነው ብላ ስትወጣ፣ «ሙኒያ፣ አንቺ ትዋሺኛለሽ?» አሉኝ። «ወላሂ አልዋሽም» አልኩ። ወላሂ አልኩ።

በነጋታው ምሳ በልተው ሲተኙ ኮምፒውተሩ ላይ ባዶ ንብርብር ከፈትኩ፣ ለስላሳ ብሩሽ መረጥኩ፣ ከዋናው ደመና ላይ ቡናማውን ቀለም ቀዳሁ። በጣም ስስ አድርጌ ሳልኩት። ክንድ የሚመስል። ዳርና ዳሩን አደበዘዝኩት፣ ጉድፍ ጨመርኩበት፣ ከምስሉ ጋር አዋሃድኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሲነሱ አፍንጫቸውን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሊያስነኩ ምንም አልቀራቸውም፣ «አየሁት! ወላሂ አየሁት!» አሉ። ዓይናቸው እንዲይዘው ብዬ አድምቄው ነበር። እሳቸው ስላዘዙኝ ለተውፊቅ ያን ዕለት ነው የላኩለት።

እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ነው ብል እውነት ነው። እሷን ለማሸነፍ ነው ብልም እውነት ነው።

ኅዳር 20

ተውፊቅ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። አላውቀውም አልኩ። «ያ ሐበሺያ፣ ኢቃማሽ በማን ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቱ ነው። ሐጃ ትሰማለች፤ ማሰሮ ውስጥ ታማስላለች።

«ኡስታዝ ተውፊቅ፣ ያ ምስል ይቆይ፣ ስህተት አለበት» አልኩት።

«የቱ ነው ስህተቱ?»

«ቀለሙ» አልኩ።

ሳቀ። ውድድሩ ዘንድ ደርሷል፤ ማተሚያ ቤትም ገብቷል፣ ሜትር ተኩል በሜትር። «አንቺ ሻይ አፍዪ» አለኝ።

ሲወጣ ሐጃ፣ «ስህተቱ ምንድን ነው?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ምንም» አልኩ።

ኅዳር 24

የሆነ ነገር አለ። ቀኝ አይደለም። ግራ፣ ከዋናው ደመና በታች።

እንደገና በሌላ መንገድ ነው የሠራሁት። ከዚህ በፊት ቀኝ ጥግን ስፈልግ ሌላውን የጀርባ ብርሃን ነው ብዬ እየጠረግሁ አጠፋው ነበር። ዛሬ ጥቂት ብቻ ጠረግሁ። ኮከቦቹን ሳነሳ፣ ቀስ ብዬ ሳደምቅ፣ ስስ መጋረጃ መጣ። ጨርቅ ላይ እንዳለ የላብ ምልክት ነው፣ ያለ የሌለ። ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። አልጠፋም።

ግን የመስታወት ቆሻሻ ቢሆንስ? በረሃ ነው የተነሳው፤ የካሜራው መስታወት ላይ የተቀመጠ አፈርም እንዲህ ይመስላል። ቴሌስኮፑን ነጭ ጨርቅ አልብሰው ያነሱት፣ ቆሻሻውን የሚያጠፋ ማረሚያ ፎቶ አለ፣ ግን ሁሉንም አያጠፋም። አሁን እኔ ራሴን የማምንበት ምን ምክንያት አለኝ?

ኅዳር 25

በሁለተኛው ዓመት ካሜራውን ሩብ ዙር አዙረው ነበር የገጠሙት! የሳቸው መዝገብ ላይ አገኘሁት። ስለዚህ የመስታወት አፈር ከሆነ ከካሜራው ጋር ይዞራል፤ የሰማይ ከሆነ ከኮከቦቹ ጋር ይቀራል። ሁለቱን ዓመት ለየብቻ ደራረብኩ።

አልዞረም። ሁለቱም ላይ አንድ ቦታ ነው።

እልል ልል ነበር። ለማን?

ኅዳር 26

ነገርኳት።

ግቢ ውስጥ የዶክተርን ጀለቢያዎች ለመስጊድ እያጠፈች ነበር። ፊቷ ቆሜ፣ «ሐጃ፣ በቀኝ በኩል ያለውን አቧራ የሳልኩት እኔ ነኝ። የለም። እርስዎ ልክ ነበሩ» አልኩ።

አንዱን አጥፋ ጨረሰች። «መቼ?»

«እርስዎ ጥቁር ነው ባሉ ማግስት።»

ተነሳች። ትመታኛለች ብዬ ነበር። «በየትኛው እጅሽ?» አለች። ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። አንጓውን ይዛ መዳፌን ገልብጣ አየችው፣ እንደ ሐኪም።

«ይቅርታ ጠየቅኩት» አለች። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነበር። «ያን የሳልሽውን ካየሁ በኋላ ዓይኔ ነው የከዳኝ አልኩ። አስራ አንድ ቀን ካኮረፈኝ በኋላ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ፣ ቀንቼ ነው፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ይቅር ብዬሻለሁ አለኝ። ገባሽ? ትክክለኛውን በመናገሬ ይቅር ተባልኩ! እንደዚያ ብሎኝ ነው የሞተው።»

እጄን ለቀቀችው። ይህን አላውቅም ነበር። አለማወቄ ምን ይጠቅማል?

«ተውፊቅ ያሳተመው ያንን ነው?»

«አዎ ሐጃ። ግን ሌላ አለ። እውነተኛ ነው።»

«እውነተኛ የሚለውን ቃል ካንቺ አፍ አልሰማም። አሳዪኝ።»

ኅዳር 28

ሐጃ ሠላሳ ዓመት ሴቶች ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የዶክተር ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁሉን ነገር ከሥሩ አስነገሩኝ። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ መልሴ ከተለያየ ይይዙኛል። የካሜራውን መዞር ሲሰሙ፣ «ጥሩ። ግን ለሁለት የከፈልሽው አንቺ ነሽ። አሁን እኔ ልምረጥ» አሉ። የሌሊቶቹን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ቆራርጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ግማሹን አወጡ። እሱን ብቻ ደራርቢ አሉኝ። አንድም ጊዜ ብሩሽ እንዳልነካ እጄን እጄን ያያሉ።

ከህረባው ሁለቴ ጠፋ። አልሄዱም። ጨለማው ውስጥ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን መብራቱን ጠበቅን።

ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ወጣ። ግራ፣ ከታች። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩ።

«አለ» አሉ።

ተነስተው ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «ይህን አይቶት ቢሆን ደስ ይለው ነበር። በአንቺ ምክንያት አላየውም» አሉኝ።

ልክ ናቸው። በሰኔ ቀኝ ቀኙን ባልል ኖሮ ግራውን አገኘው ነበር።

ታኅሣሥ 1

የትናንቱን ልጻፍ።

ስድሳ ሰው ያህል መጥቷል፤ የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች፣ ዘመዶች፣ የቡሪ ጎረቤቶች። ተውፊቅ ትልቁን ምስል ማቆሚያ ላይ አድርጎ ጨርቅ አልብሶታል። ሐጃ ከንግግሩ በፊት ተነስተው ጨርቁን ሳይገልጡ ምስሉን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ቦታው ላይ ሱቅ አልዐረቢ ገበያ ሄደው ያሳተሙትን ትንሹን አስቀመጡ። ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ወረቀት ነው። ሰዉ አጉረመረመ።

«ሐጃ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ተውፊቅ። «ሠራተኛይቱ ደግሞ አታለለችሽ? አጎቴን በዚህ ነው የምታዋርጂው?»

ሐጃ ወጥ ቤት መጡ። ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። አንጓዬን ያዙኝና እጄ እየተንጠባጠበ አዳራሹ መሃል አቆሙኝ።

«ይቺ ልጅ ባሌን ዋሽታዋለች» አሉ። «ያ የተዞረው ምስል ላይ ያለውን ክንድ የሳለችው እሷ ናት። አጥርቶ ማየት ለማይችል ሰው፣ አለ ብላ ማለችለት። ይህኛውንም የሠራችው እሷ ናት። እሱን እኔ ራሴ ፈትሼዋለሁ፤ ጉድለት አላገኘሁበትም። ቀርባችሁ እዩ።»

ማንም አልቀረበም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። በመጨረሻ ዶክተር ሀኒፋ ተነሱ፤ የዶክተር የድሮ ተማሪ ናቸው፣ አሁን መምህር። ምስሉ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ይጠይቁኝ ጀመር። ስንት ጣልሽ? ስድሳ ሦስት። ለምን? ማረሚያው የየትኛው ሌሊት ነው? የጀርባውን ብርሃን በምን ያህል አነሳሽ? ካሜራው ዞሮ ነበር? መለስኩ። ስጨርስ አላመሰገኑኝም። ወደ ሰዉ ዞረው ጣታቸውን ሳያስነኩ፣ «እዚህ ነው። የጂብሪል አቧራ እዚህ ነው» አሉ። ያኔ ሰው መሰለፍ ጀመረ።

ተውፊቅ ትልቁን ምስል ተሸክሞ ወጣ።

ሻይ ሳዞር አንዲት የዶክተር አክስት ልጅ ብርጭቆውን ከእጄ አልቀበልም አሉ። ትሪውን ከፊታቸው አስቀምጬ አለፍኩ።

ታኅሣሥ 6

ሐጃ ፓስፖርቴን ሰጡኝ። በር ላይ ነው፣ ሻንጣዬን ከያዝኩ በኋላ።

«ኢቃማሽን እስከ ዓመቱ ድረስ አልሰርዝም። ተውፊቅም አይነካሽም፣ ነግሬዋለሁ። ግን አንቺ ጋር አንድ ቤት መኖር አልችልም። ወጥ ቤት ስትንቀሳቀሺ ያ ይቅርታዬ ነው የሚሰማኝ።»

«ይገባኛል ሐጃ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አልልም» አሉ። «አሁን አልልም። ያላ፣ ሀፍላው ሳይሞላ ሂጂ፣ ሌላ አውቶቡስ አታገኚም።»

ሄድኩ።

ታኅሣሥ 19፣ ጀብራ

ብርቅነሽ ጋ ነኝ፤ ፀጉር ማጠብ ይዣለሁ።

ተውፊቅ የተሳለውን ምስል ፌስቡክ ላይ አውጥቶታል። ከሥሩ የዶክተር ስም፣ የሱ ስም። ሦስት ሺህ ሰው ወዶታል። ሱብሐነላህ ይላሉ፤ አንድ አስተማሪ ለተማሪዎቼ አሳየሁት ብሏል። ከሥሩ በዐረብኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በቀኝ በኩል ያለው አቧራ ሰማይ ላይ የለም። የሳልኩት እኔ ነኝ። ሙኒያ ከቢር።» አንዱ፣ «ሠራተኛ ስለ ሰማይ ምን ታውቃለች?» አለ። ሌላው፣ «አገርሽ ግቢ» አለ። አንዷ ብቻ፣ «ለምን?» ብላ ጠየቀች። ሳልመልስላት ተውፊቅ ዘጋኝ።

ዛሬ የብርቅነሽን ስልክ ለመንኳት።

«ኧረ ተይ አንቺ ልጅ» አለችኝ። «ስድብ ትሰበስቢያለሽ እንጂ ምን ታተርፊያለሽ? አታዪም ሰዉ እንዴት ደስ እንዳለው?»

«እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር» አልኳት።

ስልኩን ሰጠችኝ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድጋሚ ጻፍኩ።